መኪና ይዞ ይመለሳል

እጇን ሦስቴ ታጥባለች። በሎሚ ሳሙና ፈትጋ፣ ጥፍሮቿን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጎርጉራ፣ ከዚያ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ መዳፏን ወደ አፍንጫዋ ስታስጠጋ ሽታው እንደ ቤት አከራይ ተኮፍሶ እዚያው ይጠብቃታል። መጋረጃው ተዘግቷል። ውጭ ግን ቀን ነው፤ ልጆች ኳስ ከግድግዳ የሚያላትሙበት፣ የቆሻሻ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ጢጥ ጢጥ የሚልበት፣ ሰው ሁሉ ታጥቦ ለብሶ የሚንጎራደድበት ቀን። እሷ ሌሊቱን ስትሠራ አድራ የገባች ናትና አሁን የእንቅልፍ ሰዓቷ ነው፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር ካለ። ስልኩ ደረቷ ላይ ተቀምጧል። ይሞቃል። ትናንት ታናሽ እህቷ የላከችላት ፎቶግራፎች በውስጡ አሉ፤ በጦርነቱ ጊዜ የሞተው የወንድማቸው የውትድርና ማህደር፣ ጎርፍ የጠጣው፣ ምስጥ የበላው፣ አይጥም ድርሻዋን ያነሳችለት። ነገ ማለዳ ደግሞ ቤተሰቡ አጥንቱን ሊያወጣ አካፋ ይዞ ይሄዳል። የት እንደሚቆፈር ሁሉም ያውቃል። ከትናንት ወዲህ ግን እሷ አታውቅም፣ ወይም ከሁሉም በላይ አውቃለች፣ የቱ እንደሆነ ለራሷም አልለይ ብሏት ትገላበጣለች።

የምትሠራው በሰው አገር፣ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው፣ ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል። ከላይ ከየፎቁ አንሶላው፣ ፒጃማው፣ ፎጣው በከረጢት ታጭቆ ይወርዳል፤ እሷ ከረጢቱን ፈትታ ደም የነካውን ለብቻ፣ ሌላ ነገር የነካውን ለብቻ ትለያለች። ሌላ ነገር። አለቃዋ፣ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ ገና ለጋ ሰውዬ፣ እሷ የገባች ሰሞን ስብሰባ ጠርቶ ከዛሬ ጀምሮ ቆሻሻ ልብስ የሚባል ነገር የለም ብሎ ነበር፤ ያገለገለ ጨርቅ ነው የሚባለው፣ ለታማሚዎች ክብር ሲባል። ለታማሚዎች ክብር ሲባል ጓንቱን ግን ቀነሰው። አንሶላ ውስጥ ያላገኘችው የለም፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከነድዱ፣ ማንኪያ፣ የጆሮ መስሚያ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ... ያንን ለማንም አልተናገረችም፣ በሐሳቧም ስትደርስበት ዘላው ታልፋለች። ለቤተሰቧ ሆስፒታል ነው የምሠራው ብላለች። ውሸት አይደለም። እናቷ ለጎረቤት «ልጄ ነርስ ናት» ስትል በስልክ ሰምታ ዝም ብላለች፤ ይሄኛው ውሸት ነው፣ በዝምታ የሚዋሽ ውሸት። እንዲህ ያለው ውሸት በቤታቸው የዘር መሆኑ ዛሬ ነው የገባት።

ሟቹን ወንድሟን ሰፈሩ ፉጨት ይለው ነበር። ውሃ ሲቀዳ ያፏጫል፣ ሲቆጡት ያፏጫል፣ ወደ ጦር ሜዳ በወሰደው መኪና ላይ ሲወጣም ያፏጭ ነበር አሉ። እሷ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች፤ መንገዱ ላይ ቆማ ብታይም አቧራውን እንጂ እሱን አላየችም። ከዚያ ቆስሏል የሚል ወሬ መጣ፣ የት እንደተኛ ግን የሚያውቅ ጠፋ። አባታቸው በሕይወት ስላልነበሩ ታላቅየው ወንድም፣ ጋሼ፣ ሊፈልጉት ሄዱ። ሰነበቱ። ሲመለሱ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ አልደረስኩበትም አሉ፤ ሆስፒታል ባደረጉት ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር፣ ሞቶ ከኳስ ሜዳው ጀርባ ተቀብሮ ነው የደረስኩት። ቤቱ በአንድ ጩኸት ተናደ። ከዚያ ወዲህ እናቷ ጉልበቷ እስኪከዳት በየዓመቱ በአውቶቡስ እየተንገላታች ወደዚያ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ኳስ ሜዳው ጥግ ትቀመጣለች፣ ተማሪዎቹ ኳሳቸው ወደሷ ሲንከባለል ቀስ ብለው መጥተው ይወስዳሉ፣ አለቀ። አሁን ትምህርት ቤቱ በዚያ ቦታ አዲስ ሕንፃ ሊሠራ ነው፣ ቤተሰብ ያለው አጥንቱን ያንሳ ተባለ። እናቷ አልጋ ላይ ከዋለች ቆየች። የምትጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጇ መጥቶ በሰፈሩ መቃብር እንዲተኛና እሷ ስትሞት ጎኑ እንድትቀበር። ይህን ትላለች፣ ሌላ ነገር ቢያወሯት ዐይኗን ትጨፍናለች።

ለመቆፈር ማስረጃ ያስፈልጋል ተባለ፣ ሰውየው እውነት በዚያ ሆስፒታል መሞቱን የሚያሳይ። ጋሼ እኔ እጨርሰዋለሁ፣ አንቺ አትድከሚ ብለዋት ነበር፣ ታናሽየዋን። እሷ ግን እናቷን የምታገላብጥ፣ የምታጥብ፣ የምታጎርስ እሷው ናትና አንድ ድካም ቢጨመር ምን ይጎዳኛል ብላ ራሷ መዝገብ ቤት ሄደች፤ ስትመለስም ደወለች።

«እትዬ፣ ሰውየውን ብታዪው በሳቅ ትሞቻለሽ። ምስጥ በልቶታል፣ ውሃ ጠጥቶታል፣ የተረፈውን አንብቡ አለኝ።»

«ሆስፒታሉስ?»

«ስሙ ያለበት ቦታ ተበልቷል። የቱ ነው ስለው እናንተ ፈልጋችሁ ንገሩኝ፣ እኔ ማህተም ነው የምመታው አለኝ። ለዚያ ግንባር የነበሩት የጦር ሆስፒታሎች ሁለት ናቸው፣ አንዱ ትምህርት ቤቱ፣ አንዱ ቆላ የነበረ የጥጥ ፋብሪካ፣ ከሁለቱ ምረጡ አለኝ፣ እንደ ጫማ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ጋሼ ትምህርት ቤቱ ነው ብለዋል አልኩት። ታዲያ ምን አደከመሽ አለኝና ጠጅ እንደሚቀዳለት ሰው በደስታ ማህተሙን አነሳ። አንዳንዱን ቃል ማንበብ ስላቃተኝ ልኬልሻለሁ። አንቺ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ሁሉ የምታነቢ ሰው ነሽ።»

ታነባለች። ከሰባተኛ ክፍል ብትቀርም ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር እያነበበች ያደገች ናት። ትናንት ከሥራ በፊት አንዴ አነበበችው፣ ዛሬ ጋደም ብላ ደግሞ፣ በጣቶቿ ፎቶግራፉን እየለጠጠች። ከላይ «ጦር ሆስፒታል» ይላል፣ የቱ የሚለው ቦታ ላይ ምስጥ ዋሻ ሠርታለች። የቀኝ እግር፣ ከጉልበት በታች፣ ይላል። ከዚያ ውሃው ቀለሙን አፍስሶት ሰማያዊ ደመና፣ ከደመናው ሥር ደግሞ ልቅም ባለ ጽሕፈት፣ «ከፍሬ መጋዘን ወደ መዳመጫ ተዛውሯል»። እህቷ ይቺን የመንደር ስም ናት ብላ አልፋታለች። የምን መንደር። መዳመጫ ጥጥ ከፍሬው የሚላቀቅበት ማሽን ነው፣ ፍሬ መጋዘን ደግሞ የተላቀቀው ፍሬ የሚከመርበት። በየማሽኑ መሀል ፍራሽ አንጥፈው ሰው ሲያስተኙ ነርሶቹ ስም ለማውጣት ጊዜ የላቸውም፣ ቤቱን ድሮ በሚጠራበት ጠሩት። ትምህርት ቤት የተኛ ቁስለኛ ቢሆን ከአምስተኛ ሀ ወደ ስድስተኛ ለ ተዛወረ ይባል ነበር፣ አልፎ ተመርቆ። ፉጨት የሞተው የጥጥ ፋብሪካው ውስጥ ነው። እናቷ ያን ሁሉ ዓመት ባዕድ አፈር ላይ ነው ያለቀሰችው። ነገ የሚቆፈረው ሌላ ሰው ነው፣ የሌላ እናት ልጅ።

ገና የመዝገብ ቤቱን ሰውዬ ነው የምትጠየፈው፣ ገና ጋሼን አልነካችም። ጋሼ ተታለው ነው አለች። ያኔ በዚያ ትርምስ አንዱ እዚህ ተቀብሯል ብሏቸው አምነው ተመልሰው ነው፣ ምን ያድርጉ። ተነስታ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ ከታችኛው ፎቅ ያለው ሽማግሌ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ይደበድባል፣ በቀንም መራመድ እዚህ ክልክል ነው እንዴ፣ ደረጃው ላይ የተለጠፈው ደንብ ስለ ጫማ የሚለው ነገር አለ፣ ጫማዋን ታወልቃለች፣ ስልኩን ታነሳለች። ለእህቷ ትደውላለች።

«እማዬ እንዴት ዋለች?»

«ያው ናት። ቁስሉ ሰፋ እትዬ፣ የዳሌዋ። ዛሬ ሳገላብጣት ፋሻው ከሥጋዋ ጋር ሊመጣ... ላሳይሽ?»

የስልኩ ካሜራ መዞር ይጀምራል፣ የብርድ ልብሱ ጠርዝ ይታያል፣ የሳፋው ጠርዝ፣ አንድ ነገር ቀላ ያለ።

«ኋላ» አለች። «ኋላ አሳዪኝ፣ አሁን ዐይኔ ደክሞኛል።»

«እሺ» አለች እህቷ። ካሜራው ወደ ግድግዳው ዞረ። ሁልጊዜ እሺ ትላለች፣ ሁልጊዜ ወደ ግድግዳው ታዞረዋለች፣ እሷም ያንን ግድግዳ፣ የቀለሙን ልጣጭ፣ የምስማሯን ቀዳዳ ሳይቀር በቃሏ ታውቀዋለች። «ጋሼ መጥተዋል» አለች እህቷ። «አካፋውን ሁሉ አዘጋጅተዋል። ሳፋው ሲመጣ ግን ታውቂያቸው የለ፣ ወደ ግቢ ወጡ። ሊጸልዩ።»

ስልኩ ተዘጋ። ተመልሳ ወደ ፎቶግራፉ፣ ወደ መጨረሻው ገጽ። እዚያም ደህና ተርፏል፣ ጽሕፈቱ። «ለቤተሰቡ እንዲሰጥ ተፈቅዷል። ወንድሙ መኪና ይዞ ይመለሳል።» ከሥሩ በሌላ እጅ፣ በሌላ ቀለም፣ «አልተመለሰም።» ከዚያ ዝቅ ብሎ «ሞተ»፣ ከዚያ የምስጥ ዋሻ። እህቷ ወንድሙ የተባለው የጦር ጓደኛው ይሆናል ብላለች፣ ወታደር ሁሉ ወንድሜ ነው የሚባባለው። እሷም ትናንት አዎ ይሆናል ብላ አልፋለች። አሁን ግን ከወረቀቱ ጥግ ቡናማ እድፍ አለ፤ ምን እንደሆነ እሷ ታውቀዋለች፣ እንዲህ ያለውን ቀለም ለይታ ከረጢት መክተት እንጀራዋ ነው፤ እድፉ ውስጥ ደግሞ ነጭ ነገር ተጣብቋል። ሻጋታ ነው ብላ ነበር። ትለጥጠዋለች። ክር ነው፤ የተድበለበለ፣ ጸጉራም፣ በመሀሉ ጥቁር ፍሬ። ከነፍሬው ያለ ጥጥ።

ይህንን ታውቀዋለች። ከስልኩ ሳይሆን ከጣቷ ነው የምታውቀው። ያን ዕለት ጋሼ ደጃፉ ላይ ቆመዋል፣ አልደረስኩበትም ብለዋል፣ ጩኸቱ ጣሪያውን አንስቶታል፣ አንዷ አክስት ለልጅቷ ሥራ ልስጣት ብላ ይመስላል «አንቺ፣ የጋሼሽን ኮት አራግፊ» ትላታለች። ኮቱ ከባድ ነው። ሽታ አለው፣ የማታውቀው፣ ጣፋጭ የመሰለ፣ ጉሮሮ የሚይዝ። ክንዱ ላይ፣ ትከሻው ላይ፣ ክፍት ቀርቶ የነበረው ኪሱ ውስጥ ሳይቀር ነጭ ነጭ ክር ተጣብቋል፤ አንድ በአንድ ትለቅማለች። ምንድነው ጋሼ? የአውቶቡሱ ወንበር ተቀዶ ነው፣ ከወንበሩ ነው። አገራቸው ደጋ ነው፣ ጥጥ በቅሎ ያየ ሰው የለም፣ ለእሷ ጥጥ ከሱቅ የሚወጣ ነገር ነው። በአንዷ ድብልብል ክር ውስጥ ፍሬ አገኘች። ምን እንደሚሆን ልይ ብላ ድልህ በነበረበት ቆርቆሮ ውስጥ አፈር አድርጋ ቀበረቻት። በቀለች። እናቷ ሐዘን ላይ ሆና ያቺን ተክል ያዘቻት፣ ውሃ ታጠጣታለች፣ ማታ ብርድ እንዳይመታት ወደ ቤት ታስገባታለች፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ። አበባዋ ቢጫ ነበር፣ በማግስቱ ደግሞ ቀልቶ ያድራል። ጥጧ ፈንድታ ነጭ የሆነች ዕለት ጋሼ ከሥራ ሲገቡ አይተው ቆሙ፤ ከዚያ ሳያወሩ ከነሥሯ ነቅለው ከአጥሩ ወዲያ ጣሏት። እናቷ ምን አደረገችህ አለች። ዝንብ ይሰበስባል አሉ።

የአውቶቡስ ወንበር ከነፍሬው ባለ ጥጥ አይሞላም።

አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ዝንብ ይሰበስባል። ደረሰበት እንጂ፤ በሕይወት ደረሰበት፤ ፈርመው ሊሰጡት ተፈቅዶለት መኪና ይዤ እመለሳለሁ ብሎ ወጣና ቀረ፤ ማንም ሄዶ እንዳይጠይቅ ሆስፒታሉን ለወጠው፤ እናቱን በየዓመቱ በአውቶቡስ ወደ ሰው መቃብር አመላለሳት፣ የመሳፈሪያውንም እያስያዘ። ከዚህ በኋላ በሆዷ እንኳ አንቱ ልትለው አልቻለችም። ምራቋ ሞላባት፣ ወደ መታጠቢያው ሮጠች፣ አልወጣም፤ አፏን ተጉመጠመጠች፤ መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴት የጋሼ አፍንጫ አላት፣ ቁርጥ እሱን፣ ይህንንም ተጠየፈችው።

በዚህ ሁኔታ ማታ ሥራ አትገባም። ወደ ሥራ ቦታዋ ስትደውል ሰው አይደለም የሚመልሰው፣ ረጋ ያለች የማሽን ሴት ናት፤ ስለ ደወሉ እናመሰግናለን፣ የቀሩበትን ምክንያት ከሚከተሉት ይምረጡ፤ ትኩሳት ከሆነ አንድን፣ ሳል ከሆነ ሁለትን፣ የማቅለሽለሽ ስሜት ከሆነ ሦስትን ይጫኑ። ሦስትን ተጫነች። ከብዙ ዘመን በኋላ ለዚህ አገር መንግሥትም ሆነ ለአለቃዋ የተናገረችው ንጹሕ እውነት ይህች ናት። ፈጥነው እንዲያገግሙ እንመኛለን አለች ማሽኗ፣ እሷም አመሰግናለሁ አለቻት።

ከዚያ ለእሱ ደወለች። ወዲያው አነሳ።

«አንቺ ልጅ፣ አልተኛሽም እንዴ?» አለ፣ ያ ሞቅ ያለ፣ ሰው የሚያስታርቅበት ድምፁ።

«የት ነህ?»

«አንተ አልሽኝ?»

«አልኩህ። የት ነህ?»

«እማዬ ጋ ነኛ። ማለዳ ስለምንነሳ እዚሁ ላድር ብዬ። ምነው፣ ሥራ ላይ አንዳች ነገር ገጠመሽ?»

«ብቻህን ነህ?»

«ግቢ ውስጥ ነኝ።»

«ፉጨትን የጥጥ ፋብሪካው ውስጥ በሕይወቱ አይተኸዋል።»

የእርምጃ ድምፅ ሰማች፤ ከቤቱ የራቀ መሰላት። አንድ ውሻ ይጮሃል፣ አንዲት ሴት ልጇን ትጠራለች። «ማነው እንዲህ ያለሽ?» አለ። አላየሁም አላለም።

«ኮትህ። ያራገፍኩት እኔ ነኝ።»

«የምን ኮት?»

«ተክሏን የነቀልክበት ምክንያት ደግሞ ዛሬ ገባኝ። ወረቀቱም አለ። ወንድሙ መኪና ይዞ ይመለሳል ይላል፣ ዝቅ ብሎ አልተመለሰም ይላል። ምስጥ እንኳ አልበላውም።»

ያ ድምፁ ተመለሰ፣ የአስታራቂ ሽማግሌው። «ስሚኝ የእኔ እህት። እማዬ ዛሬ ነገ የምትባል ሰው ናት። ለእሷ የሚያስፈልጋት የምትቀብረው ነገር ነው። አጥንት ላይ ስም አይጻፍ። ያም ቢሆን የሰው ልጅ ነው፣ ግሬደር ከሚያርሰው በክብር ብናሳርፈው...»

ይህን ሲል ነው የባሰባት። ቸርነቱ። የሰው ሬሳ ሰርቆ ሲያበቃ ጽድቅ ሊያስቆጥርበት ነው። ያገለገለ ጨርቅ ትዝ አላት። «ቆይ፣ መኪና አጥተህ ነው?» አለችው። ለምን እንዲህ እንዳለች አታውቅም፤ አዎ እንዲላት ፈልጋ ይሆናል።

«መኪናማ ነበር» አለ።

«ምን?»

«የጭነት መኪና ለምኜ፣ በሩ ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞልኝ ነበር። ሹፌሩን ጠርቼው ተሸክመን እናወጣዋለን ብዬ ወጣሁ። ውጭ አየር አገኘሁ።» ድምፁ ቀጥኖ ሄደ፣ ሽማግሌው ከውስጡ ወጥቶ ጎረምሳው ቀረ። «እግሩ... ፋሻ የላቸውም ነበር፣ ጥጡን ከነፍሬው ነው የለጠፉበት። ጥጡ ይንቀሳቀስ ነበር። ይገባሻል? ከሥሩ ባለው ነገር ይንቀሳቀስ ነበር። እሱ ደግሞ ያፏጭልኛል፣ እንዳልደነግጥ። ኮቴን ይዞ ያፏጭልኛል። ሹፌሩ የታለ በሽተኛው አለኝ። የለም፣ ንዳው አልኩት። እኔም አብሬው ተሳፈርኩ።»

«ለምን?»

«አስጠላኝ» አለ። «ወንድሜ አስጠላኝ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ነገ እመለሳለሁ አልኩ። ነገ ሲሆን ደግሞ በየት ዐይኔ አየዋለሁ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሽታው ከአፍንጫዬ ወጥቶ አያውቅም፣ እውነት ነው የምልሽ።»

ስድብ አጥታ አታውቅም። ሰፈር ያወቃት፣ ባል ያማረረባት፣ ደላላ ያርበደበደች ምላስ አላት። አሁን አፏን ከፍታ አንድም አላገኘችም። ይህን የመሰለ ነገር፣ ይህን የመሰለ ተራ ነገር፤ ፈርቶ ቢሆን፣ ተሸጦ ቢሆን፣ ጠልቶት ቢሆን ትንሽ ይሻላት ነበር። አፍንጫው ነው። አንድ ሰው የሞተው በአፍንጫ ነው። ለሰው ደም ግድ የሌላት እሷ፣ የማታውቀውን ሰው ሁሉ እድፍ ሌሊቱን በእጇ የምታገላብጥ፣ ልትተፋበት አፏን ስትሰበስብ ያ ግድግዳ ፊቷ ላይ ድቅን አለ፣ የቀለሙ ልጣጭ፣ የምስማሯ ቀዳዳ። ኋላ አሳዪኝ። ዐይኔ ደክሞኛል። ሞተሩን ሳታጠፋ በር ላይ ቆማ፣ ከስንት ባሕር ማዶ፣ በየቀኑ ኋላ እያለች።

«ግባ» አለችው።

«የት?»

«ቤት ግባ። ውሃ አሙቅ። የእማዬን ቁስል ዛሬ የምታጥብላት አንተ ነህ። እያጠብክም ትነግራታለህ፣ ሁሉንም፣ መኪናውንም ጭምር።»

«እብድ ነሽ? ትሞታለች።»

«ወይ አንተ ትነግራታለህ፣ ወይ እኔ በስልክ እነግራታለሁ፣ ነገ አካፋ ሳታነሱ። እኔ ብነግራት ደግሞ አንተ እዚያች ግቢ ውስጥ ስትጸልይ ትሰማዋለህ። ምረጥ። እንደ ጫማ።»

«እኔ... እኔ እኮ አልችልም። ታውቂያለሽ፣ ያስመልሰኛል።»

«ያስመልስህ። ከዚያ አፍህን ታጥበህ ትቀጥላለህ።»

አሁን ምስል ያለው ጥሪ ነው፣ በዚያ በኩል እህቷ ናት ስልኩን የያዘችው። ምን ተፈጠረ እትዬ፣ ጋሼ ምን ሆነው ነው፣ ሳፋውን እራሳቸው አነሱ ትላለች በሹክሹክታ፤ ዝም ብለሽ ያዥ፣ ወደ እሱ አድርጊው ትላታለች። ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ክፍሉ ይታያል፣ እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በጎኗ ተኝታለች፣ ትከሻዋ የልጅ ትከሻ አህሏል። ፋሻው ተላቀቀ። አየችው። ዳሌዋ ላይ፣ መዳፍ የሚያህል፣ ጠርዙ ጥቁር፣ መሀሉ ጥሬ፣ ጥልቅ። የአልጋዋን ጠርዝ በአንድ እጇ ያዘች። እሱ ጨርቁን ውሃ ውስጥ ነክሮ ሊያስጠጋ ሲል ፊቱ አመድ መሰለ፣ ዞረ፣ በክርኑ አፉን ጠርጎ ተመለሰ። ነካት።

«ማነህ?» አለች እናቷ ሳትዞር። «የእሷ እጅ አይደለም።»

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«አንተ?» አለች። «ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች።»

አጠበ። ነገራት። ቀስ እያለ፣ እየቆመ፣ የፋብሪካውን፣ የፉጨቱን፣ የሹፌሩን። እህቷ ስልኩን የያዘችበት እጅ ምስሉን ወደ መሬት ጣለው፣ መልሳ አነሳችው። ሁሉን ሲጨርስ ክፍሉ ውስጥ የውሃ ጠብታ ብቻ ይሰማል፤ እዚህ ደግሞ ኳሱ ግድግዳውን ይመታል። እሷ በቃ ገደልናት ብላ አሰበች።

«ተክሌን የነቀልክብኝ ለዚህ ነው?» አለች እናቷ።

«አዎ።»

«አበባዋ በማግስቱ ይቀላ ነበር።»

«አዎ እማዬ።»

«አትቁም፣ እጠብ። ከሥሩ አልነካኸውም።»

ጨርቁን እንደገና ነከረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ሲያለቅስ ይሁን ሊያስመልሰው ይሁን ከዚህ አይታወቅም። እናቷ ጨርቁ ከሥሩ ሲደርስ አንዴ ብቻ ትንፋሿን ዋጠች።

«ነገ ትምህርት ቤቱ አትሂዱ» አለች። «ያ ልጅ የሰው ነው፣ እናቱ ብትመጣ ታጣዋለች። መኪናውን ወደ ጥጡ ንዳው። በር ላይ እንዳታቆመው። እስከ ውስጥ ንዳው።»

«እሺ።»

«አንተ ነህ የምትቆፍረው። በእጅህ።»

«እሺ እማዬ።»

እህቷ ታለቅሳለች፣ አፍንጫዋን ትስባለች፣ ከዚያ እንደ ልማዷ ለሰው ማሰብ ይቀድማታልና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች። «እትዬ፣ ከሥር የበሰበሰውን ሊያነሱት ነው። ላዙረው?»

ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋችው።

«አታዙሪው» አለች።